ልጅ መዳር ክልክል ነው

ታኅሣሥ 3 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ጣሊያኑ ሹም ዛሬ አስጠራኝ። ሁልጊዜ «ቤኔ፣ ቤኔ»፣ በእኛ «መልካም፣ መልካም»፣ ስለሚል የደብረ ማርቆስ ገበያተኛ «አቶ ቤኔ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። እኔም በልቤ እንደዚያው እጠራዋለሁ። በአፌ ከጠራሁት ግን እንጀራዬ ያበቃል።

«አካለ ወልድ፣ አዋጅ እናወጣለን» አለኝ።

«ስለ ምን?» ስለው፣ «ስለ ልጆች» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር አንድ የሮማ ጋዜጠኛ ሊጎበኘው ይመጣል። አቶ ቤኔም አገሬውን ያሠለጠነ፣ ለልጆች የሚራራ ሹም ሆኖ ፎቶግራፍ መነሣት አምሮታል። ስለዚህ ሕግ ያስፈልገዋል። ሕጉ ሦስት ነገር ይከለክላል፤ ልጅ መዳር፣ ልጅ መግረፍ፣ ልጅን ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ማሸከም። የምተረጉመው እኔ ነኝ። ኢየሩሳሌምን ልሳለም ብዬ ወጥቼ፣ ምጽዋ ላይ መርከብ አጥቼ ሁለት ክረምት ስቀመጥ ጣሊያንኛ ለቃቀምሁ። ኢየሩሳሌምን አላየሁም፤ ከቅኔ መምህርነት ግን ወደ አስተርጓሚነት ወረድሁ። ሥራዬ በአፍ ነው እንጂ በእጅ አይደለም እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ። የሚስቴ የሥራነሽ ወንድሞች ዱር ገብተዋልና ይህ ነገር በቤታችን አይነሣም።

ማታ ለሥራነሽ አዋጁን ነገርኋት። «ልጅ መዳር» የሚለው ላይ ስደርስ እንዝርቷ ቆመ።

«እና ልጃችን ማንጠግቦሽስ?» አለች።

«እሷ ሌላ ናት። ቃል ተገብቷል።»

«ማን ነው የገባው? እርስዎ አይደሉም?»

ሌሎች ሚስቶች ሲናደዱ «አንተ» ይላሉ። የእኔዋ በደኅና ቀን «አንተ» ስትለኝ ትውልና ስትናደድ «እርስዎ» ትላለች። ካለፈው ኅዳር ሚካኤል ወዲህ ከ«እርስዎ» ወርጄ አላውቅም።

ያን ዕለት ይጁቤ አገር፣ በአቶ እንዳላማው ቤት ድግስ ነበር። እንዳላማው ሚስቱ የሞተችበት፣ ጢሙ የሸበተ፣ ከብቱ ብዙ ባለጸጋ ነው። ቅኔ ተቀኘሁ። ሰው ሁሉ አጥንት ሲግጥ፣ ሲያወራ፣ ሲያስነጥስ፣ እሱ ብቻ እጁን ከፍ አድርጎ «ይደገም! ይደገም!» አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ማንጠግቦሽን ጠየቀኝ። «ይሁን» አልሁ። ሠርጉ ለጥር ሃያ ስምንት ተቆረጠ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ይደረጋል? ልጅቱ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራነሽም እኔን ስታገባ ከዚያ አትበልጥም ነበር። ምን ሆነች?

ታኅሣሥ 5፣ ረቡዕ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። አዋጁን ጨረስሁ። «ልጅ መዳር ክልክል ነው። ልጅ መግረፍ ክልክል ነው። ልጅን ለመንገድ ሥራ ማውጣት ክልክል ነው።» አጭርና ጠንካራ። ጣሊያንኛው «ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች» የሚል ነገር ነበረበት። በዚህ አገር ዓመቱን ቆጥሮ የሚያውቅ ማን አለ ብዬ ተውሁት። ዜማውንም ያበላሽብኝ ነበር።

ማንጠግቦሽ ራት አልበላችም። ኮሶ ሳይዛት አይቀርም።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ገበያው ሞልቶ ነጋሪት ተጎሰመ። «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ልጅ መዳር ክልክል ነው!» ሲባል አገሩ ጸጥ አለ። ቃሌ እንዴት ያለ ኃይል አለው ብዬ ደረቴን ስነፋ አንድ ሽማግሌ ከእህል ተራ ተነሡ።

«ልጅ ካልዳርን ማንን እንዳር? አያታችንን?»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ቁጣው መጣ። አንዱ ዘር ሊያጠፉ ነው ይላል። ሌላው የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ልጁን ለጥር ሊድር ጠላ ጠምቋል፣ በሬ አስሯል፤ ኩታዬን ጨምድዶ «በሬውን አንተ ትበላዋለህ?» ይለኛል። ለካ «ልጅ መዳር» ሲባል ሰው የሚሰማው ሠርግን ሁሉ ነው። እኔ የቅኔ መምህሩ ይህ እንዴት ጠፋኝ? አማርኛ ነው እኮ!

ጠላ ሻጯ ጤናዬ፣ ቅሏን እያጠበች፣ ማንንም ሳታይ፣ «ከላይ ቦምብ የሚጥል ከታች ልጅ ይጠብቃል? ቦምቡ ዕድሜ ጠይቆ ነው የሚወድቀው?» አለች።

በዚህ ማንም አልሳቀም። እኔም ያልሰማሁ መስዬ አለፍሁ።

ታኅሣሥ 9፣ እሑድ

እንዳላማው ከይጁቤ መልእክተኛ ላከ። «አዋጅ ለድኻ ነው፤ የኔታ አይሥጉ። ሠርጉ እንዳለ ነው» ይላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ማንጠግቦሽ ዛሬም እህል አልቀመሰችም። እጄን ስታስታጥበኝም ውኃውን ሁሉ እጅጌዬ ላይ አፈሰሰችው፤ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። ኮሶ አጠጣኋት። አስመለሳት እንጂ ምንም አልወጣም። ትሉ ተንኮለኛ ነው። ሥራነሽ የኮሶውን ዋንጫ ከእጄ ነጥቃ ደጅ ደፋችው።

ታኅሣሥ 11፣ ማክሰኞ

የሙሽራ አባቶች የአቶ ቤኔን ግቢ ከበው አደሩ። አቶ ቤኔ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ «ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ግለጥላቸው! በሚገባቸው መንገድ ግለጥ!» ብሎ ጮኸብኝ።

በሚገባቸው መንገድ ካልህማ፣ ይህ የእኔ ሙያ ነው አልሁ በልቤ። መጻሕፍትን ስንተረጉም አንዱን ቃል ይዘን «አንድም እንዲህ ማለት ነው፤ አንድም እንዲያ ማለት ነው» እያልን እናሰፋዋለን። አዋጅንስ በአንድምታ ማን ከለከለ? ብዕሬን ቀርጬ ተቀመጥሁ።

«ልጅ ማለት ከአብራክ የተከፈለ ነው። አንድም፣ በጡት የተያዘ የጡት ልጅ ነው። አንድም፣ በጥምቀት የተቀበሉት የክርስትና ልጅ ነው። አንድም፣ ደበሎ ለብሶ በየደጁ የሚለምን የቆሎ ተማሪ ነው። ይህን ሁሉ ልጅ መግረፍና ለመንገድ ሥራ ማውጣት ክልክል ነው። መዳር የሚፈቀደው ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። ለዕድሜውም ያጠመቀው ካህን ይመስክር።»

እንዴት ያምራል! አቶ ቤኔም ሳይገባው «ቤኔ» ብሎ ማኅተሙን መታበት።

ማንጠግቦሽን ያጠመቋት የነፍስ አባታችን አባ ፍቅረ ሥላሴ መሆናቸው ትዝ ያለኝ ይህን ከጻፍሁ በኋላ ነው። በኋላ ነው። ለሥራነሽም እንደዚያው ነገርኋት። አየችኝና «እንግዲህ አባ ይመስክሩ» አለች። ዛሬ አንድ ጊዜ «አንተ» ያለችኝ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 15፣ ቅዳሜ

አዋጁ እንደገና ተነገረ። በየ«አንድም»ው ገበያተኛው «ይበል!» አለ። እኔ ቆሜ አለቀስሁ ማለት ይቻላል። «የጡት ልጅ» የሚለው ላይ ደግሞ አዋጅ ነጋሪው ሦስቴ እንዲደግም አደረጉት። ጢማም ጢማም ሰዎች ከበውኝ «መሪጌታ፣ የጡት ልጅ ዕድሜ አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጡት ምን ዕድሜ አለው!» ብዬ መለስሁላቸው። መልሴን ራሴ ወደድሁት።

ታኅሣሥ 18፣ ማክሰኞ

አባ ፍቅረ ሥላሴ ዛሬ ስለ ማንጠግቦሽ ዕድሜ ሊመሰክሩ ተጠሩ። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። በእንዳላማው አገር በይጁቤ የሚሸመን፣ ጥለቱ ሰፊ፣ ደኅና ጋቢ ነው።

«ያጠመቅሁበትን ዘመን ዘነጋሁት። ዐሥራ አምስት ሳይሆናት አይቀርም» አሉ ጫማቸውን እያዩ።

ሕግ ነው፤ ካህን መሰከረ፤ እኔን ምን አገባኝ? ወደ ቤት ስንመለስ ሥራነሽ ከኋላዬ ርቃ ነው የሄደችው።

ታኅሣሥ 21፣ ዓርብ

አንድ እንግዳ ነገር ይታያል። ማር ከገበያ ጠፋ። ይጁቤም፣ ደብረ ኤልያስም የለም ይላሉ።

ጎረቤታችን አያ ደምለው፣ አንድም ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ፣ ለመንገድ ሥራ ተጠርተው ነበር። እሳቸውም ማር ይዘው ወደ ልጃቸው ባል ሄዱና ጣቱን በማር ጠብተው የጡት ልጅ ሆኑ። እንግዲህ አማቻቸው አባታቸው ከሆነ፣ የገዛ ልጃቸው እንጀራ እናታቸው ናት። ጠዋት በአጥር በኩል «እንጀራ እናቴ፣ ቁርሴን!» ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ። እሷም «ልጅ አይጮህም!» ብላ መለሰችላቸው።

ታኅሣሥ 24፣ ሰኞ

ከአቶ ቤኔ ጋር በሉማሜ በኩል መንገዱን ልናይ ወጣን። ዶማው ተደርድሯል፣ ድንጋዩ ተከምሯል፣ ሰው የለም። አንድ ዘበኛ ብቻ ጥላ ሥር ተኝቷል።

«ሠራተኞቹ የት ሄዱ?» አለ አቶ ቤኔ።

«ሁሉም ልጆች ናቸው፣ ጌታዬ» አለ ዘበኛው ብድግ ብሎ።

መንገድ ዳር አንድ ጢሙ ደረቱ የደረሰ ሰው ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። አቶ ቤኔ ጣቱን ወደ ሰውየው ቀስሮ «ባምቢኖ?» አለኝ፤ ልጅ ማለቱ ነው። ሰውየው እንደ ሕፃን ፈገግ አለ።

እንግዲህ ማስረዳት ግድ ሆነ። በአገራችን ዘመድ ወይም ጠባቂ የሌለው ሰው፣ ትልቅ ሰውም ቢሆን፣ ማር ይዞ ወደ አንድ ደኅና ሰው ቤት ይሄዳል። ባለቤቱም አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ አባቱ ነው። የአባቱ ልጆችም ወንድሞቹና እኅቶቹ ናቸው። ሞት እንጂ ሌላ አይለያቸውም አልሁት፤ ለማሩና ለጣቱ ግን ጣሊያንኛዬ ስላልበቃኝ ዘለልኋቸው። አቶ ቤኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቤኔ» ሳይል ቀረ። አዋጁን ልሻረው እንዳይል ጋዜጠኛው መጣሁ እያለ ነው። እንዳለ እንዳይተወው ደግሞ ጋዜጠኛው የሚመጣበት መንገድ አላለቀም።

ታኅሣሥ 29፣ ቅዳሜ፣ ገና

ሆዴን አመመኝ፤ ከሳቅ ነው።

አባት ያላገኙ ሁሉ ነጭ ለብሰው፣ እየዘፈኑ፣ አንድ እንስራ ማር ተሸክመው ወደ አቶ ቤኔ ግቢ ገቡ። እሱ የበዓል ስጦታ መስሎት ደስ አለው። መሪያቸው ተንበርክኮ እጁን ለመነው፤ ሰጠው። አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነከረለትና ወደ አፉ ወሰደው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ።

«እያከበሩዎት ነው» አልሁት። ሐሰት አይደለም፤ አባት ይከበራል።

ሰልፉ እስከ በር ደረሰ። «ቤኔ፣ ቤኔ» እያለ ሁሉንም አጠባ። አንዱ ጥርሳም ነከሰውና ጮኸ፤ ግን ፎቶ አንሺው ቆሞ ነበርና ፈገግታውን አልተወም። ሲጨርሱ ሁሉም በአንድነት «አባባ!» ብለው መሬት ሳሙ። አንዱማ ካሚዮኑን እየዳበሰ «ይህ ለበኩር ልጅ ነው የሚወረሰው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሥራነሽ ይህን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ከዚያ ሳቋን አቁማ «የጡት ወንድምና እኅት ይጋባሉ እንዴ?» አለችኝ።

«ይህ ምን ጥያቄ ነው! እንኳን ሊጋቡ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማሰቡም ነውር ነው» አልኋት።

እንዝርቷን አነሣች። ሴቶች የማያስፈልግ ነገር መጠየቅ ይወዳሉ።

ጥር 3፣ ረቡዕ

ዛሬ አጭር ነው። ማንጠግቦሽ እናቷን ስትጠይቅ ሰማሁ፦ «ሠርጌ ቀን የቅልብልቦሽ ጠጠሮቼን ይዤ ልሂድ? ወይስ እዚያ ጠጠር አለ?»

ሰምቼ ወደ ቢሮ ሄድሁ። ቢሮ ውስጥ ሥራ አልነበረም። ተቀምጬ ዋልሁ።

ጥር 10፣ ረቡዕ፣ ከተራ

አቶ ቤኔ ዘዴ አገኘ፦ «አባት ያለው ይቅር፤ አባት የሌለው ሁሉ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ለመንገድ ይውጣ፤ ባለጸጋውም አይቀርም!» የእንዳላማው አባትና እናት ድሮ ሞተዋል። ደግሞ ኩሩ ነው፤ እስከ ዛሬ ከእኔ ላነሰ ሰው ተንበርክኬ ማር አልልስም ሲል ከርሟል። አሁን ግን ጭፍራ መጥቶ ስሙን ጠርቶት ሄዷል ይላሉ።

ታቦት ሲወርድ ማንጠግቦሽ ከእኩዮቿ ጋር ልትዘፍን ሄዳ ነበር። እነሱ ገፍተው መለሷት። «አንቺ ሙሽራ ነሽ፤ ከሴቶቹ ጋር ቁሚ» አሏት። ከትልልቆቹ ሴቶች መካከል ቆማ አየኋት፤ ትከሻቸው ድረስ አትደርስም።

ኮሶ አይደለም። ኮሶ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጥር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሁሉን እጽፋለሁ።

እንዳላማው ጠዋት በበቅሎ መጣ፤ ላብ አጥምቆታል። ገና ሳይቀመጥ፣ «የኔታ፣ እኔ አማችዎ አይደለሁም?» አለኝ።

«ነህ» አልሁት።

«አማች ማለት ልጅ ማለት አይደለም? በሉ ልጄ ነው ብለው ያስመዝግቡኝ!»

«አዋጁ አማችን አይጠቅስም።»

«ታዲያ አንድም ብለው ይጨምሩልኛ!»

«ማኅተም ተመትቶበታል» አልሁት። እውነትም እንዴት አንድም አማችን ረሳሁ? ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን።

በዚህ ጊዜ ሥራነሽ ከጓዳ ወጣች። እስከ ዛሬ «አንቱ» እንጂ ብላው አታውቅም፤ እሱ እሷን በአሥር ዓመት ይበልጣታል። ዛሬ ግን ፊቷ በርቶ፣ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ልጄ? እኔ እያለሁ!» አለችው።

እንዳላማው ቀና አለ። «እመቤቴ፣ ማር አለ?»

«አንድ እንስራ አለ።»

ማር ከአገር ሲጠፋ እሷ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ከዚያም «ያለ ምስክር አይሆንም» ብላ አባ ፍቅረ ሥላሴንና አያ ደምለውን አስጠራች። ጎረቤቱም ሁሉ ተከትሎ መጣ። መደብ ላይ ተቀመጠች። እንዳላማው ተንበረከከ። አውራ ጣቷን ማር ውስጥ እስከ መጨረሻው ነክራ አፉ ውስጥ ከተተችው። ጢሙ ሁሉ ማር ሆነ።

ጣቷን ሳታወጣ ወደ አባ ዞረች። «አባ፣ ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ምኔ ነው?»

«ልጅሽ ነዋ» አሉ አባ።

«ለመሪጌታስ?»

«ልጃቸው።»

«ለማንጠግቦሽስ?»

አባ ጋቢያቸውን ዳበሱት። ቤቱ ሁሉ አፋቸውን ያያል። እንዳላማው ዓይኑ ፈጠጠ፤ ሊናገር ቢል ጣቷ አለ፤ እንዳይነክስ እናቱ ናት።

«ወንድሟ» አሉ አባ በመጨረሻ፤ ከዚያ ጮክ ብለው ደገሙት። «ወንድሟ ነው! ወንድምና እኅት አይጋቡም። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ፤ ይህንን ደግሞ አልዘነጋውም!» ጋቢውን ከትከሻቸው አውርደው መደቡ ላይ ጣሉት። ብርድ ነበር፤ እንደዚያው ሄዱ።

ሥራነሽ ጣቷን አወጣች። እንዳላማው ጉሮሮውን እያጸዳ ጮኸ፣ ረገመ፣ ግድግዳ መታ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ያን ዕለትስ "ይደገም" ያልሁት ጠጁን ነው! አሳላፊውን ነው የጠራሁት! ቅኔህን ማን ሰማው!» አለኝ።

ከሁሉ ይልቅ ይህ አመመኝ።

ሲረጋጋልኝ ግን ሳስበው፣ ይህ ሁሉ የእኔ ዘዴ ነው ማለት ይቻላል። የጡት ልጅን አዋጁ ውስጥ ያስገባው ማን ነው? አስቀድሜ አስቤው ሊሆን ይችላል። ለሥራነሽ ይህን ነገርኋትና ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ጥር 16፣ ማክሰኞ

አዋጁ ተሻረ! ጋዜጠኛው መንገዱ ስላላለቀ አልመጣም። መንገዱ ያላለቀው በአዋጁ ነው። አዋጁ የወጣው ለጋዜጠኛው ነው። አቶ ቤኔ ወረቀቱን ፊቴ ቀዶ ጣለው፤ ያ ሁሉ አንድምታ! ከመንገዱ ቀርተው የነበሩት ግን ሁሉም አልተመለሱም፤ ብዙዎቹ ወደ ዱር ገብተዋል ይባላል። ሥራነሽ ዱር ላሉት ወንድሞቿ ማር ልካለች መሰለኝ። አልጠየቅሁም።

ጥር 19፣ ዓርብ

እንዳላማው ሽማግሌ ሰብስቦ ከሰሰን። በመጀመሪያ «ማሩን አልዋጥሁትም» አለ። «ታዲያ የት ሄደ?» ሲሉት ጢሙን ዳበሰ። ቀጥሎ «አዋጁ ከተሻረ ልጅነቴም ተሽሯል» አለ። ይህስ ከባድ ነው ብዬ ፈራሁ፤ የማንጠግቦሽ ነገር በዚህች ቃል ተንጠለጠለ።

አያ ደምለው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ድዳቸውን አጋጭተው፣ «አዋጁ የጣሊያን ነው፤ ማሩ ግን የእኛ ነው። እኔም እንጀራ እናቴን እስከ ዛሬ አልካድሁም» አሉ። ተፈረደልን። ሽማግሌዎቹ እንዳላማውን አስነሥተው የእናቱን ጉልበት አሳሙት።

ቤት ስንገባ ማንጠግቦሽ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እናቷ ቀርቷል ለማለት ራሷን ነቀነቀችላት። ልጅቱ ወደ ሌማቱ ሄዳ ተቀመጠችና እስክትጠግብ በላች። ስትበላ እያየሁ እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው አልሁ።

ጥር 28፣ እሑድ

ዛሬ ሠርግ ሊሆን ነበር። ማንጠግቦሽ ደጅ ከእኩዮቿ ጋር ቅልብልቦሽ ስትጫወት ዋለች፤ አጭበርብራ ተጣሉ፤ ታረቁ።

ሥራነሽ አጠገቤ ጥጥ ስትፈለቅቅ፣ «ምነው ያን ጊዜ እምቢ ብትይኝ? ይህ ሁሉ ማር ባልባከነ» አልኋት።

«ብዬዎት ነበር።»

«መቼ?»

«የሚካኤል ማግሥት። ከዚያም በየቀኑ። እርስዎ ስለ ኮሶ ያወሩ ነበር።»

እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

«እኔ ሳገባዎት ምን እንደ ሆንሁ ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ጠጠሮቼን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነው የመጣሁት። እናትዎ አገኙብኝና ወደ ጅረቱ ጣሏቸው። ማታ ስፈልጋቸው እርስዎ ቅኔ ይቆጥሩ ነበር።»

በእውነቱ አላውቅም ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አላውቅም ነበር። አፈርሁ። የተፈለቀቀውን ጥጥ ከፊቷ አንሥቼ ወደ ቅርጫቱ ጨመርሁላት። እሷም «እዚያ አይደለም» አለች። የት እንደሆነ አሳየችኝ።

የካቲት 5፣ እሑድ፣ ቅበላ

ከደብረ ኤልያስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ከፋሲካ በኋላ ለሚሆን ሠርግ ማንጠግቦሽን ለአንድ ደኅና ቤት ልጅ ሊጠይቁ ነው። ደግሞ ብልሆች ናቸው፤ መጀመሪያ ቅኔ አስቀኙኝ። ሦስቱም «ይበል!» አሉ። ትልቁ «ይደገም!» አሉ። ቤት ውስጥ ጠጅ አልነበረም፤ እውነተኛ «ይደገም» ነበር። ልቤ ማበጥ ጀመረ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ አበጠ።

ከዚያ ነገሩን አወጡት። ልማዴ ነውና በረጅሙ ልናገር አፌን ከፈትሁ። ከጓዳው መጋረጃ ሥር ሁለት ትንንሽ እግሮች ቆመው አየሁ።

«እምቢ» አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ጥሎሹ ያንሳል ብለው ነው፣ የኔታ?»

«አይደለም።»

«በዘሩ ይጠረጥራሉ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ በምን?»

«ልጅ ናት» አልሁ።

የቀረውን ሊሰሙ ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቁ። እኔ ግን ጨርሼ ነበር።